የእሜቴ ካፖርት

ፀጉር ቤት የሚሠራ ሰው ፀጉር ይቀፈዋል ቢባል የሚያምን ያለ አይመስለኝም። እኔን ግን ይቀፈኛል። ሰው ራስ ላይ እስካለ ድረስ ምንም አልለውም። ከተቆረጠ በኋላ አንገቴ ላይ፣ ካልሲዬ ውስጥ፣ የሻይ ብርጭቆዬ ጠርዝ ላይ፣ ይባስ ብሎም ምላሴ ላይ ሳገኘው ግን ሮጬ እታጠባለሁ። ይህን ለአጎቴ ነግሬው አላውቅም። ለአጎቴ ያልነገርኩት ብዙ ነገር አለ። ፀጉር ቤቱ የእሱ ነው። ሁለት ወንበር አለን፤ በአንዱ እሱ እያወራ ይቆርጣል፣ በሌላው እኔ ዝም ብዬ እቆርጣለሁ። ደንበኞች ስሜን ትተው «ዝምታው» ይሉኛል። ራሱን የሚያመው ወይም ወሬ የሰለቸው ሰው ሲመጣ አጎቴ በአገጩ ወደኔ ወንበር ያሳየዋል።

ሰዓት ጠጋኙ ሽማግሌ የኔ ወንበር ደንበኛ ነበሩ። ከፀጉር ቤታችን በላይ፣ ሦስተኛው ፎቅ ላይ ይኖራሉ። ባለቤታቸው ካረፉ ስምንት ወር ሆኗል። በየአሥራ አምስት ቀኑ ዓርብ ዓርብ ወርደው ይመጣሉ፤ ከጆሮዎቻቸው በላይ የቀረችውን ትንሽ ሽበት አስተካክላለሁ፣ ማጅራታቸውን እላጫለሁ፣ እሳቸውም አንድ ቃል ሳይተነፍሱ ይሄዳሉ። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ግን ካፖርታቸው መሽተት ጀምሮ ነበር። የድመት ሽንት ነው፤ ከሱ ሥር ደግሞ ሌላ ሽታ አለ፣ ዝናብ የመታው አሮጌ ምንጣፍ የመሰለ። ፀጉራቸውን ስቆርጥ በአፌ ነበር የምተነፍሰው። እንዲያውቁብኝ ስለማልፈልግ ደግሞ በመስታወቱ ውስጥ ዓይናቸውን አላይም።

ባለፈው ዓርብ ግን ወንበሩ ላይ አልተቀመጡም። ባርኔጣቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው በሩ አጠገብ ቆሙ።

«ይግቡ እንጂ ጋሼ!» አለ አጎቴ። «ምነው እንደ እንግዳ?»

«ነገ ዐሥር ሰዓት ላይ ልጄ መጥታ ትወስደኛለች። እሷ ጋ ልኖር ነው።»

«እሰይ! ይሄ ደረጃ ሳይጨርስዎ።»

እውነቱን ነው። ደረጃው ላይ ሁለት ጊዜ ወድቀዋል። በሁለተኛው ጊዜ ጎረቤት እስኪያገኛቸው ድረስ ግማሽ ቀን እዚያው ተኝተው ነበር።

«ድመቷን አልወስድም ትላለች» አሉ።

«ታዲያ ድመት ብርቅ ነው?»

«እሜቴ ካልሄደች እኔም አልሄድም!»

ድምፃቸው ከፍ ስላለ አጎቴ ወንበር ላይ የነበረው ደንበኛ ሳይቀር ዞር አለ። ሽማግሌው አፈሩና ቀስ ብለው ቀጠሉ። «ፀጉሯ ተያይዟል። የምታበጥራት ባለቤቴ ነበረች፤ ሌላ ሰው አታስነካም። እኔን ሁለቴ ነክሳኛለች። ልጄ ደግሞ ‹ሕፃን ያለበት ቤት እንዲህ ሆና አትገባም፤ ስመጣ ንጹሕ ሆና ካገኘኋት እወስዳታለሁ፣ አለዚያ በቃ› አለችኝ። የእንስሳት ሐኪሙ እስከ ሰኞ ዘግቷል።»

«ፀጉር ነው አይደል?» አለ አጎቴ መቀሱን አየር ላይ እያንቀጫቀጨ። «ፀጉር ከሆነ እኛ ምን ልንሠራ ተቀምጠናል? ዝምታው ነገ ጠዋት ከተፍ ይልልዎታል!»

ምላጩን እንደያዝኩ ቀረሁ። እምቢ ልል ፈልጌ ነበር። ግን ምላጩን መጥረግ ያዝኩ።

«ትቧጭራለች» አሉ ሽማግሌው እኔን እያዩ።

«እሱ የባሰ ደንበኛ አለው» አለ አጎቴ። «ቅድም የወጣውን መላጣ አላዩትም? ‹ከላይ ብዙ አታሳጥረው› ሲል!»

ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ለምን እንደሳቅሁ አላውቅም።

ቅዳሜ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ለሰው የማንጠቀምበትን አሮጌ ማሽን፣ ሁለት መቀስ፣ የብረት ማበጠሪያ፣ ሻምፖና ሁለት ፎጣ በፌስታል ይዤ ወጣሁ። ሽታው ሁለተኛው ፎቅ ላይ ተቀበለኝ። በሩ ሲከፈት ደግሞ ዓይኔ አነባ።

ቤቱ አንድ ክፍል፣ ማድ ቤትና መታጠቢያ ነው። ግድግዳው ላይ የነበሩት ሰዓቶች ወርደው በጋዜጣ ተጠቅልለዋል፤ የተሰቀሉበት ቦታ ብቻ ክብ ክብ ሆኖ ነጥቷል። ካርቶኖች በገመድ ታስረው ተደርድረዋል፤ በያንዳንዱ ላይ በጥሩ የእጅ ጽሑፍ «ብርጭቆ»፣ «መሣሪያ»፣ ለባለቤታቸው እንደሚጽፉ ሁሉ ደግሞ «ያንቺ ልብስ» ይላል። መስኮቱ ተዘግቷል። ድመቷ እንዳትወድቅባቸው ፈርተው ስምንት ወር ሙሉ አልከፈቱትም።

«የት ናት?» አልኩ።

«አልጋው ሥር።»

አንድ የዓሣ ቆርቆሮ በማንኪያ መቱ። መጀመሪያ የሰማሁት ኳ፣ ኳ የሚል ድምፅ ነው። ጥፍሯ መስሎኝ ነበር። ከሆዷ የተንጠለጠሉት የፀጉር ቋጠሮዎች ናቸው፤ ደርቀው ስለጠጠሩ ስትራመድ ወለሉን ይመቱታል። ከዚያ ራሷ ብቅ አለ። ራሷስ የድመት ራስ ነው፤ ብርቱካን የመሰለ ዓይን አላት፣ ቆንጆም ናት። ከአንገቷ በታች ያለው ግን ድመት አይመስልም ነበር። ጀርባዋ ላይ ያለው ፀጉር ፀጉርነቱን ትቶ አንድ ወፍራም ግራጫ ሰሌዳ ሆኗል፤ ስትንቀሳቀስ እንደ ኤሊ ድንጋይ አብሯት ይወዛወዛል። ብብቷ ውስጥ ያለው ቋጠሮ ከፊት እግሯ ጋር ስለተያያዘ ሙሉ እርምጃ መራመድ አትችልም። ከጅራቷ ሥር ያለውን ላለማየት ዞር አልኩ።

«ነጭ ነበረች» አሉ ሽማግሌው።

እዚህ ላይ የሠራሁትን ስሕተት ፀጉር ቆራጭ ካልሆነ ሌላ ሰው አይሠራውም። አጎቴ ሥራ ሲያስጀምረኝ መጀመሪያ ያስተማረኝ ይህን ነው፤ ደርቆ የተያያዘ ፀጉር ሲመጣ ማበጠሪያ ከማስነካትህ በፊት በደንብ አርጥበው፣ ሻምፖ አድርገህ እሸው፣ አለስልሰው። የሰው ፀጉር በዚህ ይፈታል። ስለዚህ መታጠቢያ ቤት ገብቼ ሳፋ ሙሉ ለብ ያለ ውሃ አዘጋጀሁ። እሳቸው አንገቷን በፎጣ ያዙ፣ እኔ ከታች ይዤ ሳፋው ውስጥ ከተትናት።

እንደዚያ ያለ ጩኸት ከድመት ይወጣል ብዬ አስቤ አላውቅም። አውራ ጣቴ ሥር ነከሰችኝና አልለቅም አለች። ውሃው ወዲያው ሻይ መሰለ፣ ቀጥሎ ጭቃ። ላዩ ላይ ቁንጫ ተንሳፈፈ፤ አንዳንዱ ሰምጦ መሞቱን ትቶ በክንዴ ላይ እየተሳበ ወጣ። የሽታው ነገር ደግሞ! እስከዚያ ድረስ የሸተተኝ ደረቁ ነው ለካ። ውሃ ሲነካው እንደ አዲስ ተነሣ፤ በአፌ ስተነፍስ ምላሴ ላይ ይቀመጥ ጀመር።

ሻምፖውን አሽቼ ቋጠሮዎቹን ስዳስሳቸው አልለሰለሱም። ጭራሽ ተኮማተሩ። የሱፍ ሹራብ በሙቅ ውሃ ሲታጠብ እንደሚሆነው ሁሉ፣ ቅድም ጣት ያስገባ የነበረው ቦታ አሁን መርፌ አያስገባም። ቆዳዋን ከየአቅጣጫው እየሳበ ወጠረው። እንዲያም ሆኖ ማሽኑን አስጠጋሁ። እርጥቡ ፀጉር ጥርሱ ውስጥ ተወተፈ፣ ማሽኑ አቃሰተ፣ ጋለ፣ ቆመ። በዚህ መካከል ድመቷ ከእጃችን አምልጣ ምድጃው ጀርባ ገባች።

ምድጃው ጀርባ የነበረውን ባላይ ይሻለኝ ነበር። ያረጀ ቅባት፣ አቧራ፣ የሞተ በረሮ፣ አንድ የደረቀ የዓሣ ራስ። እርጥብ ፀጉር ደግሞ ያገኘውን ሁሉ ይሰበስባል። በመጥረጊያ እንጨት ገፍተን ስናወጣት በቅባት ተለውሳ፣ የበረሮ እግር ጆሮዋ ላይ ተለጥፎ ወጣች።

«ቅድም ይሻል ነበር» አሉ ሽማግሌው። ሊሰድቡኝ ፈልገው አይደለም፤ ያዩትን ነው የተናገሩት።

አምስት ሰዓት ተኩል ላይ አጎቴ እንቁላል ያለበት ዳቦ ይዞልኝ መጣ። «እህሳ፣ ሙሽራዋ ደረሰች?» እያለ ገባ። ከዚያ ድመቷን አየ።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«እሜቴ ናት» አሉ ሽማግሌው።

አጎቴ አፉን ከፈተ፤ ሊቀልድ ነበር መሰለኝ። ፊቱ አመድ መሰለ። ዳቦውን እጄ ላይ ጣለና አፉን በመዳፉ ከድኖ ወደ ደረጃው ሮጠ። ሠላሳ ዓመት የሰው ራስ ሲነካ የኖረ፣ ቅማልም ቢያይ እከክም ቢያይ «ሥራ ነው» ብሎ የሚያልፍ ሰው ነው። ሲያስመልሰው ድምፁ እስከኛ ይሰማ ነበር።

«አርጥበኸዋል?» ብሎ ከታች ጮኸ፤ ተመልሶ ግን አልወጣም።

«አዎ!»

«ጎሽ!»

ዳቦውን ካርቶን ላይ አስቀመጥኩት። እኔም ሽማግሌውም አልነካነውም።

መታጠቢያ ቤቱ ውስጥ ማሞቂያ አብርተን፣ እስክትደርቅ ድረስ ብለን ድመቷን ዘጋንባት። እኛ ማድ ቤት ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀመጥን። ጣቴ ያብጥ ጀምሮ ነበር። መስኮቱን እንድከፍት በእጄ ምልክት ስሰጣቸው እሺ አሉኝና ከፈትኩት።

«ባለቤትዎ እንዴት ነበር የሚያበጥሯት?» ስል የራሴን ድምፅ ሰማሁ።

«አላውቅም» አሉ። «እሷ እዚያ ሶፋው ላይ ታበጥራት ነበር፤ እኔ እዚህ ጀርባዬን ሰጥቼ ሰዓት እሠራለሁ። ስትዘፍንላት እሰማለሁ። እንዴት አድርጋ እንደምትይዛት አንድ ቀን እንኳን ዞር ብዬ አላየሁም።»

ከመታጠቢያ ቤቱ በር ሥር ሞቃት ክርፋት ይወጣ ነበር።

«አንድ ነገር ልበል?» አሉ በመጨረሻ። «ሰዓት ሲቆሽሽ ውሃ አይነካውም። ደግሞም ሁሉም በአንዴ አይፈታም። የሚሠራው ክፍል ብቻ ይከፈታል፣ የቀረው ይሸፈናል። እኛ ሁሉንም በአንዴ ከፈትናት፤ ለዚህ ነው ያበደችው።»

«መሣሪያ» የሚለውን ካርቶን ፈቱ። ዓይናቸው ላይ የሚሰኳትን ትንሽ ማጉያ መነጽር፣ ወረንጦና የጠረጴዛ መብራት አወጡ። ከዚያ ካፖርታቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አነጠፉት። ድመቷን ሳመጣት ራሷን በካፖርቱ እጅጌ ውስጥ አስገቧት። ጨለማው ነው ወይ የሳቸው ሽታ አላውቅም፣ ጸጥ አለች። የቀረውን አካሏን በፎጣ ጠቅልለን አንድ መዳፍ የሚያህል ቦታ ብቻ ክፍት ተውን። እጃቸው ይንቀጠቀጣል፤ ክርናቸውን ጠረጴዛ ላይ ሲያስደግፉ ግን ይቆማል።

ጎኗ ላይ ካለው ትልቅ ቋጠሮ ጀመርኩ። ወደ ላይ ሳብ አደረግሁና መቀሱን ሥሩ አስገባሁ። ልጫነው ስል፦

«ቁም!» አሉ። «ቆዳ ነው!»

«ፀጉር ነው።»

«ቆዳ ነው እልሃለሁ። እንካ፣ እይ።»

መነጽሯን ዓይኔ ላይ አደረግኋት። ቋጠሮውን ስስበው ቆዳዋ እንደ ድንኳን አብሮ ተነሥቶ ኖሯል፤ በመቀሱ ሁለት ስለቶች መካከል ያለው እንደ እርጥብ ወረቀት የሳሳ፣ ሮዝ መልክ ያለው ቆዳ ነው። ደም ሥሩ ይታያል። መቀሱን ቀስ ብዬ አወጣሁ። ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት።

ከዚያ በኋላ የሠራነው በሳቸው መንገድ ነው። እሳቸው የብረቱን ማበጠሪያ በቆዳዋና በቋጠሮው መካከል ጥርስ በጥርስ እያስገቡ ይይዛሉ፤ ስለት ከማበጠሪያው በታች እንዳይወርድ ማለት ነው። እኔ ከማበጠሪያው በላይ ያለውን ከውስጥ ወደ ውጭ እየተረተርኩ እከፍላለሁ። ሲከፈል ይላላል፤ ሲላላ ጥርሱን ጠራርጌ እንደገና ያስነሣሁት ማሽን ይገባል። አንዱ ቦታ ሲያልቅ ይሸፈናል፣ ሌላው ይከፈታል። ስትቆጣ እጃችንን አንሥተን እንጠብቃለን። አንዳንዴ ዐሥር ደቂቃ እንጠብቃለን።

ስምንት ሰዓት አካባቢ የጀርባዋ ሰሌዳ አልተቆራረጠም፤ እንደ አንድ ልብስ ሙሉውን ተነሣ። በእጄ ተቀበልኩት። ከላይ ደረቅና ሻካራ ነው፤ ከሥሩ ግን እርጥብ ነበር። ግራጫ ቅርፊት፣ የቁንጫ ኩስ፣ የተላቀቀ ቆዳ ተለጥፎበት የአሮጌ ምንጣፍ ጀርባ ይመስላል። ይህን ሁሉ ችዬው ነበር። ሞቃት መሆኑን ግን አልቻልኩትም። አንድ ሕይወት ያለው ነገር መዳፌ ላይ የተኛ ነበር የሚመስለው። ፌስታሉ ውስጥ ጣልኩትና እጄን በሱሪዬ ጠረግሁ፣ ከዚያ ሱሪዬ አስጠላኝ።

ከሥሩ የወጣው ቆዳ አንዳንድ ቦታ ቀልቶ ያዥ ነበር፤ የሽታው ዓይነት የተበላሸ ወተት ነው። ብብቷ ውስጥ ቋጠሮው ሥጋዋን በልቶ አንድ ጣት የሚያህል ቁስል አውጥቷል። ሽማግሌው በወረንጧቸው ከቁስሉ ላይ ፀጉር አንድ በአንድ ሲለቅሙ እኔ ጣሪያ ጣሪያውን አያለሁ።

መጨረሻ ላይ የቀረው ከጅራቷ ሥር ያለው ነው። ዓይነ ምድሯ ለወራት ከፀጉሯ ጋር እየተለወሰ እንደ ጡብ ደርቋል። ድመቷ ስትጸዳዳ ያ ነገር ምን ያህል እንደሚያማት ያኔ ነው የገባኝ። ስተረትረው ለሁለት ተሰበረ። ውስጡ የሩዝ ፍሬ የመሰሉ ነጫጭ ነገሮች ነበሩ። ሩዝ ከየት መጣ ብዬ ጎንበስ ስል አንዱ ተንቀሳቀሰ። ረዘመ፣ ተኮማተረ፣ ደግሞ ረዘመ።

እቃ ማጠቢያው ላይ አስመለስኩ። ሆዴ ውስጥ ምንም ስላልነበረ የወጣው መራራ ውሃ ብቻ ነው።

«ውሃ ልቀቅበት» አሉ ሽማግሌው ቀና ሳይሉ። ጥቂት ቆይተው ደግሞ፦ «ለልጄ ትሉን አትንገራት። ሰኞ እራሴ መድኃኒት እገዛላታለሁ። ዛሬ ካወቀች አትወስዳትም፤ እሷን ትቼ ደግሞ አልሄድም።»

ዝም አልኩ። ዝምታዬን እሺ አድርገው ወሰዱት፤ ሰው ሁሉ እንደዚያ ነው የሚወስደው።

ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ጨረስን። ጠረጴዛው ላይ የቆመችው ፍጥረት ራሷ የድመት፣ ጅራቷ ጫፍ ላይ ጥቂት ፀጉር፣ መካከሉ ደግሞ የተገሸለጠ ነገር ነበር። ቆዳዋ ግማሹ ሮዝ ግማሹ ግራጫ፣ ተሸብሽቦ፣ ጎድን አጥንቷ እየተቆጠረ። ቅድም አስፈርታኝ ነበር፤ አሁን ደግሞ ለማየት የሚያሳፍር ነገር ሆነችብኝ። ግን የፊት እግሯን እስከ መጨረሻው ዘረጋች። ሽማግሌው ይህን ሲያዩ ማጉያቸውን አውልቀው ዓይናቸውን ጠረጉ።

ከታች ክላክስ ተሰማ። የልጃቸው ክላክስ መሆኑን አውቃለሁ፤ ከፀጉር ቤቱ መስኮት ብዙ ጊዜ አይቻታለሁ። መኪና ውስጥ ሆና ክላክስ ታደርጋለች፣ እሳቸው ይወርዳሉ፣ በመስኮት የምታመጣላቸውን ተቀብለው ይመለሳሉ። ዛሬ ግን ካርቶኑ ስላለ ወጣች። በአንገት ልብሷ አፍንጫዋን ሸፍና በሩ ላይ ቆመች።

«አባዬ፣ ምንድን ነው ይሄ ሽታ! ተዘጋጅተሃል?» ከዚያ ጠረጴዛውን አየች። «ይሄ... ድመት ነው?»

«ንጹሕ!» አሉ ሽማግሌው። «እንዳልሽው። ምን የመሰለች ንጹሕ አድርገናት!»

እሷ ግን ወደኔ ዞረች። «አንተ ነህ የሠራሃት?»

ራሴን በአዎንታ ነቀነቅሁ።

«ንጹሕ ናት? እውነቱን ንገረኝ። ልጄ ገና መዳህ መጀመሯ ነው፤ ያገኘችውን ሁሉ አፏ ውስጥ ነው የምትከተው።»

ሽማግሌው አዩኝ። ያን ጊዜ ያዩኝን አስተያየት አሁንም አልረሳሁትም። ብነግራት እሳቸው ከዚያ ደረጃ ጋር ይቀራሉ። ዝም ብል ሕፃኗ... ያ ነጭ ነገር ሲረዝምና ሲኮማተር እንደገና ታየኝ።

«አይደለችም» አልኩ።

ድምፄ ለራሴም እንግዳ ሆነብኝ። «ፀጉሯ ወልቋል። ትል ግን አላት፣ አይቻለሁ። ቁንጫም ገና አለባት። ብብቷ ሥር ቆስላለች። ሐኪም ሰኞ ይከፍታል፣ መድኃኒት ይሰጣታል። እስከዚያ ሕፃን አጠገብ አትድረስ።» ለማላውቀው ሰው ይህን ያህል ቃል በአንዴ ተናግሬ አላውቅም።

«ማን ጠየቀህ!» ሽማግሌው ብድግ አሉ። «አፍ የለውም ሲሉኝ ነው እኮ ቤቴ ያስገባሁት! ውጣልኝ!»

«አባዬ፣ ተው።» ልጃቸው ወለሉ ላይ ያለውን ፌስታል እያየች ነበር። አፉ ክፍት ስለሆነ ግራጫው ሰሌዳ ይታያል። በጫማዋ ጫፍ ነካችው። «ይሄ ሁሉ ላይዋ ላይ ነበር?»

ሽማግሌው ፌስታሉን በእግራቸው ወደ ጠረጴዛው ሥር ገፉት።

«የት ነበር የምትተኛው?»

«እግሬ ሥር» አሉ። «ብርድ ልብሱ ውስጥ። ታሞቀኛለች።»

ልጃቸው ወደ መስኮቱ ሄደች። ያለቀሰች መስሎኝ ነበር፤ እሷ ግን ወደ ውጭ አንገቷን አስግጋ በኃይል ትተነፍሳለች፣ ትከሻዋ ከፍ ዝቅ ይላል። እኔ ቅድም የሆንኩትን እየሆነች እንደሆነ ገባኝ። አንድ ጊዜ አልጋውን ዞር ብላ አየች፣ ብርድ ልብሱን አየች፣ ምድጃውን አየች።

«ስምንት ወር» አለች። «እዚህ ውስጥ። እኔ ደግሞ ታች ሆኜ ክላክስ...» አልጨረሰችውም። አፏን ጠረገች። «በል ተነሥ፣ እንሂድ።»

«እሜቴስ?»

«እሷም።»

«ሕፃኗስ?»

«የታችኛው መታጠቢያ ቤት ውስጥ ይዘጋባታል፤ እስከ ሰኞ። ሰኞ እኔው ራሴ ሐኪም ጋ እወስዳታለሁ። አንተም ዛሬ እንደገባህ፣ ሳትቀመጥ ትታጠባለህ። ያ ካፖርት ደግሞ እዚሁ ይቀራል።»

«ካፖርቱ ምን አደረገሽ?»

«አባዬ!»

ብርጭቆዎቹን አውጥተን በካርቶናቸው ውስጥ ፎጣ አነጠፍንና ድመቷን ከተትናት። ካርቶኖቹን እኔና ልጃቸው ተጋግዘን አወረድን። ደረጃው ላይ ትንፋሿን ይዛ ትወርዳለች፣ ታች ስትደርስ ትለቀዋለች፣ ደግሞ ይዛ ትወጣለች። ሽማግሌው መጨረሻ ላይ በሸሚዝ ብቻ፣ ግድግዳውን እየተደገፉ ወረዱ። ክንዳቸውን ልይዝ ስል አሸሹት።

አጎቴ ፀጉር ቤቱ በር ላይ ቆሞ «ደህና ይግቡ ጋሼ!» አለ፤ ከሩቁ ነው ያለው። እሳቸው የኋላ ወንበር ላይ ተቀምጠው «ብርጭቆ» የሚለውን ካርቶን ጭናቸው ላይ አደረጉ። እኔን አላዩኝም፣ ደህና ሁንም አላሉኝም።

መኪናው እንደተነሣ አራቱም መስኮቶች አንድ ላይ ወረዱ። የሳቸው ግን ወዲያው ተመልሶ ወጣ፤ ድመቷ ራቁቷን ናት፣ በንፋሱ ይበርዳታል። ልጃቸው በሷ በኩል ባለው ቁልፍ መልሳ አወረደችው። እሳቸው አወጡት። እሷ አወረደች። መታጠፊያው ጋ እስኪደርሱ ድረስ ያ አንዱ መስኮት ሲወጣ ሲወርድ፣ ሲወጣ ሲወርድ ይታየኝ ነበር።